መሀል ጣቴ ላይ የቀረው ቀለበት

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ከዚያ ቀን በፊት ቀለበት የሚባል ነገር በእጄ ነክቼ አላውቅም ነበር። ይህን ካልያዛችሁልኝ የቀረው ሁሉ የሞኝ ወሬ ይመስላችኋል። ማርታ እባላለሁ፤ ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርኩ ሴት ነኝ፤ ተማሪ መሀል ላይ ሲጠፋበት አልወድም።

አባቴ አንጁሎ ከሶዶ ከተማ በታች የሚያርስ ገበሬ ነበር። በወጣትነቱ ወንጌልን ሲያምን የእናቴን አምባርና የአንገት ጨሌ ሰብስቦ፣ ይሄ ከድሮው ጣጣ ጋር የተነካካ ነው ብሎ ከእንሰቱ ጀርባ ጉድጓድ ቆፍሮ ቀበረው። እናቴ እስክትሞት ድረስ በዚያ በኩል ባለፈች ቁጥር ቦታውን ታየው ነበር። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ጌጥ አልገባም። እኔም ጆሮዬ ሳይበሳ፣ አንገቴ ባዶውን አደግሁ። የቤተ ክርስቲያናችን ሴቶች ሁሉ እንደዚያው ነበሩ፤ ስለዚህ የጎደለብኝ ነገር ያለ አይመስለኝም ነበር።

ጊዜው የጃንሆይ ዘመን ነው። ስምንተኛ ክፍል ጨርሼ ሶዶ ውስጥ ትንንሽ ልጆች አስተምር ነበር። ያን ዓመት ለመምህርነት ሥልጠና ወደ ሐረር ከሚሄዱት ጋር ተመረጥኩ። ሰኞ ጠዋት በአውቶቡስ ልነሳ ነው። አባቴ ሂጂም አላለኝ፣ አትሂጂም አላለኝ። ነገሩን ባነሳሁ ቁጥር ዝም ብሎ ማጭዱን መሳል ይጀምራል። ያ ዝምታ ከቁጣ ይብስ ነበር። እኔ ግን ልቤ ቆርጦ ነበር፤ ባይመርቀኝም እሄዳለሁ ብዬ ሻንጣዬን አስሬ ነበር።

አንድ ጓደኛ ነበረችኝ፣ ተዋበች የምትባል። አባቷ የመንግሥት ጸሐፊ ነው፤ አያቶቿ ከሰሜን የመጡ ናቸው። አንድ ወንበር ላይ ተቀምጠን ነው የተማርነው። መዳፍ ለመዳፍ ስንለካካ እጃችን ቁርጥ አንድ ነበር፤ ይህን ክፍሉ በሙሉ ያውቃል። ተዋበች ለግራዝማች ደምሴ ልጅ ለኃይሉ ታጭታ ነበር። ግራዝማች ማለት እኛ የምናርሰው መሬት ባለቤት ናቸው። ኃይሉ አዲስ አበባ መሥሪያ ቤት ይሠራል። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አጭቶ ሁለት ጊዜ ፈርሶበታል፤ ለምን እንደፈረሰ ግን ሶዶ ውስጥ ደፍሮ የሚናገር አልነበረም። አሁን ደግሞ የፈረንጅ ወጉን ይዞ፣ ቀለበት የማስረው አልማዝ ካለበት ብቻ ነው ብሏል። እናቱ ወይዘሮ የሺመቤት ዘመዳቸው የሆነ ወርቅ ሠሪ ከአዲስ አበባ ሦስት ቀለበት ይዞ እንዲመጣ አስደረጉ።

ችግሩ ምን መሰላችሁ፤ የታጨች ልጅ እስክትዳር ድረስ አማቶቿ ፊት አትቀርብም። ነውር ነው። በክር ለክታችሁ ላኩልን ሲባል ደግሞ የተዋበች እናት፣ የሙሽራ ልክ ከቤት ወጥቶ ደጋሚ እጅ ቢገባስ ብለው እምቢ አሉ። በዚህ ምክንያት ሁለቱ እናቶች ተኳርፈዋል። በመጨረሻ ተዋበች ወደ እኔ መጣች። እጃችን አንድ አይደል፣ አንቺ ሂጂና ለክተሽ ምረጪልኝ አለችኝ። እንዴት እምቢ እላታለሁ። ሰኞ ልለያት ነው።

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ወደ ግራዝማች ቤት ወጣሁ። ጠዋት እንሰት ስንፍቅ አርፍደን ነበርና እጄ ግሏል፣ ትንሽም አብጧል። ወደ እልፍኝ አስገቡኝ። ወይዘሮ የሺመቤት ተቀምጠዋል፤ ወርቅ ሠሪው በጥቁር ጨርቅ ላይ ሦስቱን ቀለበት ደርድሮ፣ ዕቃዎቹን በጎን ዘርግቶ ይጠብቃል። አንደኛው እንደ አበባ ተሠርቷል። ሁለተኛው ሁለት ትንንሽ ድንጋይ አለው። ሦስተኛው ሌጣ ነው፤ አንድ አልማዝ ብቻ መሀሉ ላይ ተቀምጧል። ወርቅ ሠሪው ሦስተኛውን አንስቶ ወደ መስኮቱ ሲያዞረው ግድግዳው ላይ የብርሃን ነጠብጣብ ተረጨ። ዋሽቼ ምን ላተርፍ፣ ደስ አለኝ። የአባቴ ጉድጓድ ለአንድ አፍታ ከአእምሮዬ ጠፋ። ተዋበችም ጭንቅንቅ ያለ ነገር አትወድም፣ ይሄኛው ይሁን አልኩ።

እስቲ አድርጊው አሉኝ ወይዘሮ የሺመቤት።

እንግዲህ ቀለበት በየትኛው ጣት እንደሚገባ ማን አስተምሮኝ ያውቃል። ከሩቅ የጌቶችን እጅ አይቻለሁ እንጂ ጣት ቆጥሬ አላውቅም። ትልቅ ነገር ለትልቅ ጣት ነው የሚሆን ብዬ መሀል ጣቴ ላይ ሰካሁት። አንጓው ላይ ሲደርስ ያዘኝ። እንዳይወልቅ እንዲህ ጠበቅ ማለት አለበት መሰለኝ፤ ትንፋሼን ይዤ ገፋሁት። ቆዳዬን ሸብሽቦ አለፈ።

ወርቅ ሠሪው ፊቱ ሲለወጥ አየሁ። ወይዘሮ የሺመቤት ምነው እዚያ አደረግሽው፣ አውልቂውና በቀለበት ጣትሽ አድርጊው አሉ። ሳብኩት። አልወጣም። አሽከረከርኩት። ይዞራል እንጂ አንጓውን አያልፍም። ወርቅ ሠሪው ሳብ አደረገው፣ ጮህኩ። ሳሙና መጣ፣ ቅቤ መጣ፣ እጄን ወደ ላይ አንጠልጥዬ እንድቆም አደረጉኝ። እንደዚያ ቆሜ ሳለሁ ሣቄ መጣ፤ ስቄ ሳልጨርስ ጣቴ ወፍሮ መቅላት ጀመረ። ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

ቁረጡት እንግዲህ አልኩ፣ ቀላል ነገር መስሎኝ። ወርቅ ሠሪው መጋዙን አነሳ። ወይዘሮ የሺመቤት በመዳፋቸው እጁን መቱት። ልጄ ሁለት ጊዜ ፈርሶበታል፣ የቃል ኪዳን ቀለበት በቤቴ አይቆረጥም አሉ። እንግዲያው ልሂድና ሌሊቱን ሲበርድልኝ አውልቄ ነገ ላምጣው አልኩ። ያን ጊዜ አዩኝ። ያንን አስተያየት እስከ ዛሬ አልረሳውም። የጭሰኛ ልጅ አልማዝ አድርጋ ከግቢ ልትወጣ። ለዘበኛው በሩን እንዲዘጋ ነገሩት።

ተቀመጥኩ። መስኮቱ ብረት አለው። ከሱ ማዶ የዳሞት ተራራ ይታያል፣ ደመና እየወረደበት ነው። የሰው ቤት ውስጥ፣ በሰው ቀለበት ታስሬ፣ ሰዓቱ ይሄዳል። በአገራችን አንዲት ልጃገረድ ወንድ ባለበት ባዕድ ቤት መሽቶባት ካደረች ያለቀላት ናት። ማንም ምንም ባያደርጋትም፣ ነግቶ ስትወጣ የዚያ ቤት ናት ይባላል፤ ሽማግሌ ተልኮ ነገሩ ይሸፈናል። ሰኞ የሚባለው ነገር፣ ሐረር የሚባለው ነገር፣ በዚያች ጀንበር ላይ ተንጠልጥሎ ነበር። ጌታ ሆይ ጣቴን አክሳልኝ ብዬ ጸለይኩ። እንዲህ ያለ ጸሎት በሕይወቴ ጸልዬ አላውቅም።

ወይዘሮ የሺመቤት ወደ ጓዳ ገብተው ከግራዝማች ጋር ሲያወሩ ቆዩ። ሲወጡ ሌላ ሴት ሆነው ወጡ። ዶሮ ወጥ አስቀረቡልኝ። ልጄ ብለው ጠሩኝ። አጠገቤ ተቀምጠው ያን ያበጠ ጣቴን እያሻሹ፣ እያዘኑልኝ፣ ወላጆቼን ጠየቁኝ፤ ትምህርቴን አደነቁ። የተዋበችን እናት ኩራት አነሱና ነቀፉ።  ደግነቱ ከዘበኛው ይልቅ አስፈራኝ። በመጨረሻ ተናገሩት።

"ቀለበት በከንቱ አይገባም፣ በከንቱም እምቢ አይልም። የእግዜር ነገር ነው። እሱ የመረጠውን እኛ ማን ነን የምናፈርሰው?"

አልገባኝም ነበር፣ ወይም እንዳይገባኝ ፈለግሁ። ያን ጊዜ ኃይሉ ገባ። ሲጋራውን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሞ ፊቴን ሳይሆን ጣቴን አየ። እናቱ ነገሩን ነገሩት። ትከሻውን ነቀነቀ።

"እጃቸው አንድ ነው አላላችሁም? ለእኔ ያው ነው" አለ።

ይህን ብሎ ወጣ። ስለ ተዋበች ነው ያለው። ስለ እኔም ነው ያለው። ገበያ ላይ በግ የሚገዛ ሰው እንኳ ጥርስ ያያል።

ተነሳሁና ተናገርኩ። ለጓደኛዬ ነው የመጣሁት፣ ሰኞ መንገደኛ ነኝ አልኩ። ወይዘሮ የሺመቤት ሣቅ አሉ፣ በክፋት አይደለም። ሴት ልጅ የምትሄድበት መንገድ ይሄው አይደል አሉ። አባትሽ ተልኮበታል፤ እስኪመጣ ተጫወቺ፤ ከመሸም ችግር የለም፣ ነገሩ በራሱ ያልቃል አሉኝ። ልብ በሉ፣ ማንም አልመታኝም፣ ማንም አልሰደበኝም። ዶሮ እየበላሁ ነው የታሰርኩት።

አባቴ ሲመጣ ጀንበሯ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ከእርሻ ነው የጠሩት፤ እግሩ ላይ ጭቃ አለ። ባርኔጣውን አውልቆ በደረቱ ይዞ እንደ ሁልጊዜው በሩ ላይ ቆመ። ግራዝማች ግን ግባ አሉትና ወንበር ሰጡት። አባቴ በዚያ ቤት ወንበር ላይ ተቀምጦ አያውቅም። ሲቀመጥ ሳይ አበቃልኝ አልኩ።

ግራዝማች ክፉ ሰው አልነበሩም፤ ረጋ ብለው፣ አክብረው ነው የተናገሩት። የሆነውን ነገሩት። ቀለበቱ ጣቷ ላይ ገብቶ አልወጣም፣ ቀኑም እየመሸ ነው አሉ። ከዚያ እንዲህ አሉ፦

"አንጁሎ፣ ስንት ዘመን አብረን ኖርን። ልጅህ ልጄን ካገባች እንግዲህ ዘመድ ነን። የምታርሰው መሬት፣ ከእንግዲህ ሳታካፍለኝ፣ ለአንተና ለልጆችህ ይሁን። አላስገድድህም። ምርጫው የአንተ ነው።"

ወገኖቼ፣ መሬት ለጭሰኛ ምን ማለት እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ይከብዳል። አባቴ ያንን መሬት በልጅነቱ ከአባቱ ጋር አርሷል። በየዓመቱ ካመረተው አካፍሎ የተረፈውን ይዞ ገብቷል። የእናቴ መቃብር ከእንሰቱ ጥግ ነው። በአንድ ቃል ያ ሁሉ የእሱ ሊሆን ነው። በሌላ ቃል ደግሞ ያ ሁሉ ሊሄድ ነው፤ ይህን ግራዝማች አልተናገሩትም፣ መናገርም አያስፈልግም ነበር። በዚያ ላይ ሐረር መሄዴን እንዳልወደደው አውቃለሁ። እንዴት እምቢ ይላል? እኔ በሱ ቦታ ብሆን እንዴት እምቢ እል ነበር?

 አባቴ ወደ እኔ ዞሮ በወላይትኛ፣ ይህን ወደድሽው? ብሎ ጠየቀኝ። ልመልስ አፌን ከፈትኩ። ድምፅ አልወጣልኝም። መምህርት ነኝ ባይዋ፣ ክፍል ሙሉ ልጅ ዝም የማሰኘው፣ አንዲት ቃል አጣሁ። ዓይኔ ብቻ እንባ ሞላ፤ እንባ ደግሞ ለሙሽራም ለእስረኛም አንድ ነው።

ተነሳ። እጄን ያዘና ጥቁሩ ጨርቅ ላይ፣ ከወርቅ ሠሪው መቁረጫዎች አጠገብ ዘረጋው። ከዚያ እጄን ለቀቀው። አባቴ አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንድ ያደርጋል፤ እንደዚያው አድርጎ፣ ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ተናገረ።

"ጌታዬ፣ ቀለበቱ የእርስዎ ነው። ጣቱ የእኔ ነው። ቀለበቱ አይቆረጥም ካሉ ጣቱ ይቆረጥ፣ ንብረትዎን ይውሰዱ። ማርታ በዘጠኝ ጣት ያስተምራል።"

 ወይዘሮ የሺመቤት ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ወሰዱ። አባቴ የሚቀልድ ሰው አይደለም፤ ግራዝማችም ያውቁታል።  ስለቱ ከጣቴ አንድ ስንዝር እንኳ አይርቅም፤ አየዋለሁ። ሞኝነት በሉት ሌላ፣ በዚያች ሰዓት ልቤ ውስጥ የመጣችው የመጨረሻዋ ቃል ብቻ ናት። ያስተምራል አለ። ሂጂም አትሂጂም ሳይለኝ ማጭዱን ሲስል የከረመው አባቴ፣ ያስተምራል አለ። እጄን ሳልሰበስብ ቆየሁ።

ግራዝማች እጄን ረጅም ጊዜ አዩት። ከዚያ ወደ ወርቅ ሠሪው ዞረው "ቁረጥ" አሉ።

ወርቅ ሠሪው ላብ በላብ ሆኖ፣ "የቱን፣ ግራዝማች?" አለ።

ዛሬ ሳወራው ሰው ይስቃል። ያን ጊዜ ግን ነፍሴ ከጉሮሮዬ ወጥታ ተመለሰች።

"ቀለበቱን ነዋ" አሉ ግራዝማች፣ ፊታቸውን አዙረው።

ወይዘሮ የሺመቤት እንደ ልቅሶ ቤት እዬዬ አሉ። ወርቅ ሠሪው በትንሿ መጋዝ ሲቆርጠው ከቆዳዬም ትንሽ ወሰደ። ወርቁ ተላቆ ሲከፈት አልማዙ ጨርቁ ላይ ዱብ አለ። አባቴ እጅ ነሳ፣ ባርኔጣውን አደረገ፣ እኔን አስቀድሞ ወጣ። ዘበኛው በሩን ሲከፍት ገና ብርሃን ነበር።

 መንገድ ላይ ወንዝ ስንሻገር፣ ሐረር ብርድ ነው ይላሉ፣ የእናትሽን ጋቢ ውሰጂ አለኝ። ሐረር ብርድ አይደለም፤ ማን እንደነገረው አላውቅም። ጋቢውን ግን ይዤው ሄድኩ። ሰኞ ጠዋት ጣቴን በጨርቅ ጠምጥሜ አውቶቡስ ላይ ወጣሁ፤ አባቴ ከመስኮቱ ሥር ቆሞ ጸለየልኝ።

ዋጋውን ደግሞ ስሙ። ቁጣ የለ፣ ጭቅጭቅ የለ፤ አዝመራው እንደተሰበሰበ ግራዝማች መሬቱን ለሌላ ሰው ሰጡት። አባቴ ወንድሞቼን ይዞ ወደ ዲምቱ ወረደ፣ ወደ ቆላው። ተዋበች ከቀሩት ቀለበቶች በአንዱ ተዳረች። እኔን ግን ሰላምታ ነሳችኝ፤ የደረሳት ወሬ እጮኛዋን ልነጥቃት ሄጄ ነበር የሚል ነው። ደብዳቤ ብጽፍላት አልመለሰችም። ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሥልጠናዬን ጨርሼ የመጀመሪያ ደመወዜን ይዤ ዲምቱ ሄድኩ። አባቴ ወባ ይዞት ተኝቶ ነበር፤ ከስቷል፣ ግን ይስቃል። በሰፈሩ ሰው አስተማሪዋ መጣች እየተባልኩ ስገባ ደስ ብሎታል። ብቻችንን ስንሆን ለዓመታት የበላኝን ጥያቄ ጠየቅሁት። እሺ ቢሉህስ፣ እውነት ጣቴን ታስቆርጠው ነበር? አልኩት።

"እኔ እጅሽን አልያዝኩትም" አለኝ። "ዘርግቼ ለቀቅሁት። ስጠይቅሽ አልመለስሽልኝም፤ ቤቱን ወደሽው ይሆን፣ ፈርተሽ ይሆን፣ እንዴት ልወቅ? እጅሽን ብትሰበስቢ፣ መኖር የፈለግሽው እዚያ ነው ብዬ መርቄሽ ብቻዬን እሄድ ነበር። አልሰበሰብሽም።"

በሚቀጥለው ክረምት ሞተ። የተቀበረው ዲምቱ ነው፣ ከእናቴ ርቆ።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ በተለይ ሴቶች ልጆች፣ ብዙ ሰው በሕይወታችሁ ምረጪ ይላችኋል። ግራዝማችም ምርጫው የአንተ ነው ብለዋል፤ ተዋበችም ምረጪልኝ ብላለች፤ ሦስት ቀለበት ተደርድሮልኝ መርጫለሁ። ያ ሁሉ ምርጫ እያለ በሩ ግን ተዘግቶ ነበር። እኔን የጠየቀኝ አንድ ሰው ብቻ ነው። አንደበቴ ሲታሰር በእጄ እንድመልስ የተወኝ፣ የምመልሰውም መሬቱን እንደሚያሳጣው እያወቀ እጄን የለቀቀው እሱ ነው።